የነሐሴ ቀን መቁጠሪያ

ባለፈው ሰሞን መብራት ጠፋና የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ጄኔሬተሩን አስነሣ። ቦሌ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ግን ምድር ቤት ያለችው ቡና ሻጭ በዚያው ደቂቃ ምጣዷን ጥዳ ኖሮ የሚቆላው ቡናና የሚቃጠለው ናፍጣ ተያይዘው በደረጃው ሽቅብ መጡ። አጠገቤ ያሉት ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው «ኧረ መስኮቱን ዝጉት!» ተባባሉ። እኔ እጄን ኪቦርዱ ላይ እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ቡና ከናፍጣ ጋር የሚሸተኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጎንደር፣ ፒያሳ፣ የ2004 ክረምት።

ያኔ የምሠራበት ቤት ጣሊያን ከሠራቸው አንዱ ነው። የጎንደርን ፒያሳ የሚያውቅ ወዲያው ይስለዋል፤ ግድግዳው የወፈረ፣ ቀለሙ በየዘመኑ እየተደራረበ መጀመሪያ ምን እንደነበረ የማይለይ፣ ክረምት ከውጭ ይልቅ ከውስጥ የሚበርድ። ምድር ቤቱ ፎቶ ኮፒ፣ ከጎኑ ቡና ቤት፣ ከላይ እኛ። አንደኛው የእንጨት ደረጃ ሲረግጡት ይጮኻል፤ ባለቤቱ ደንበኛ መምጣቱን የሚያውቀው በዚያ ነበር፤ ስለዚህም ይሁን ከስንፍና አላስጠገነውም። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሶፍትዌር እንደምንሠራ ይናገራል። ቤቱን የሚያቆመው ግን ሌላ ነበር፤ ማመልከቻ መተየብ፣ ቶነር መሙላት፣ ፍላሽ ከቫይረስ ማጽዳት፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ «እባክህ ፎርማት አድርግልኝ» የሚል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

ሐምሌ ላይ ተመርቄ፣ የጋዋኑ ፎቶ ገና ከፎቶ ቤት ሳይወጣ ነው የተቀጠርኩት። አራት ዓመት ስለ አልጎሪዝም ተምሬ በመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ ሥራ የአታሚ ቶነር መሙላት ነው። ያ ጥቁር ዱቄት ጥፍር ሥር ከገባ በቀላሉ አይለቅም፤ ውሃ ደግሞ በፈረቃ የሚመጣበት ሰሞን ስለነበር ከጀሪካን በጣሳ እየተቀዳ ነው የምንታጠበው። ማታ ቤት ስገባ እናቴ እጄን አይታ «የቢሮ ሥራ ነው አላልከኝም?» አለች። ለጎረቤት ግን አሳልፋ አልሰጠችኝም። «ምን ሆኖ ተቀጠረ?» ሲሏት «ኮምፒውተር ነው» ትላለች፤ ሐኪም ነው እንደማለት። ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቋት ማንም አያውቅም፤ ወሬው በዚያ ያበቃል።

የቢሮው ዜማ የዩፒኤስ ጩኸት ነበር። መብራት ብልጭ ሲል ያ ጥቁር ሳጥን ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ይጀምራል፤ ያለነው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ሴቭ!» እንላለን። ባትሪው ያረጀ በመሆኑ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ይድረስ አይድረስ አይታወቅም። እስከ ዛሬ ጣቴ በየመስመሩ መጨረሻ ሁለቱን ቁልፎች ሳያስበው ይጫናል። አሁን የምንጽፍበት ፕሮግራም ሥራውን በራሱ እንደሚያስቀምጥ ልጆቹ ደጋግመው ነግረውኛል፤ ጣቴ ግን አይሰማም።

ኢንተርኔቱ በዩኤስቢ ሞደም ነው፤ የመስኮቱ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የሙያው መጻሕፍትና ቪዲዮዎች በእግር ነበር የሚጓዙት። አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሃርድ ዲስክ ይዞ ይመጣል፤ ወሬው ከአራዳ እስከ ማራኪ ይዳረሳል፤ ሁሉም ባዶ ዲስኩን ይዞ ይሰለፋል። የመጀመሪያ ደመወዜን ለወላጆች ጋቢ እንደ መግዛት ሃርድ ዲስክ ገዛሁበት። አባቴ ሳጥኑን እያገላበጠ አየውና «ውስጡ ምን አለ?» አለኝ። «ገና ምንም የለም» አልኩት። ዝም ብሎ መለሰልኝ።

ነሐሴ ሲገባ እውነተኛው ሥራ መጣ። አንድ ማተሚያ ቤት ለ2005 የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያዘጋጃል፤ በዓላቱንና አጽዋማቱን አስልቶ የሚያወጣለት ፕሮግራም ከኔ በፊት በዚያው ወንበር የተቀመጠ ልጅ በሲ ሻርፕ ጽፎለታል። ልጁ ሥራ ለቆ ሄዷል። ፕሮግራሙ የ2003ንም የ2004ንም ያለ አንዳች እንከን አውጥቷል። 2005 ብለን ስንጽፍለት ግን ነነዌ የሚሰላበት መጥቅዕ በሚለው ሳጥን ውስጥ «-19» ብሎ ቁጭ አለ። ነነዌ ባዶ፣ ዐቢይ ጾም ባዶ፣ ፋሲካ ባዶ። ማተሚያ ቤቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይደውላል።

ያ ነሐሴ በአገር ላይም የከበደ ነበር። በ10 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ዐረፉ፤ በ15 የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሞት ተነገረ። ቡና ቤቱ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ለቀናት ከዋሽንትና ከሐዘን ዜማ ሌላ አላሰማም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ዋሽንቱ ከታች ያለቅሳል፣ እኔ ከላይ የማላውቀው ሰው የጻፈውን መስመር በመስመር አነባለሁ። የሌላ ሰው ኮድ ማንበብ ሙያው ሲጀመር ያለ ትልቁ ብቸኝነት ይመስለኛል። አንድም ማስታወሻ አልተወም። «እዚህ ጋ ተጠንቀቅ» የሚል ቃል እንኳ የለም።

የበዓላቱንና የአጽዋማቱን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ዩኒቨርሲቲ አላስተማረንም፤ የቀን አቆጣጠራችንን ራሱ አላነሣም። የምንሠራበት ዶት ኔት ከፋብሪካው ሲወጣ የዕብራውያንን፣ የሒጅራን፣ የፋርስን፣ የጃፓንን፣ የኮርያን፣ የታይላንድን አቆጣጠር ይዞ ነው የሚመጣው። የኛን አልያዘም። ጳጉሜ ያለው ዓመት ማሽኑ ውስጥ የለም። ጳጉሜ የተወለደ ሰው በየፎርሙ ወይ ነሐሴ 30 ወይ መስከረም 1 እየተባለ ሲመዘገብ የኖረው ፎርሙ ቦታ ስላልሰጠው ነው። ስለዚህ በአገሪቱ ያለ ፕሮግራመር ሁሉ፣ በየፊናው፣ ያንኑ መቀየሪያ ከባዶ ይጽፍ ነበር፤ አንዱ ሲሳካለት ሌላው ሲሳሳት።

«በአታ ሂድና የኔታን ጠይቅ» ያለኝ ባለቤቱ ነው። ሲለኝ የቀልድ መስሎኝ ነበር።

በአታ የአቋቋም ትምህርት ቤት ነው፤ ዜማውን ከነዝማሜው ለማስመስከር ካገር አገር ደብተራ የሚመጣበት። እኔ እዚያው ከተማ ተወልጄ አድጌ ከበዓል ቀን በቀር ግቢውን ረግጬ አላውቅም። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሴው እስኪወጣ ዛፍ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ለምድ የለበሱ ተማሪዎች ከዝናቡ ለማምለጥ እየዘለሉ ወደ ጎጇቸው ይገባሉ። የረጠበ የበግ ቆዳ፣ የዕጣንና የተቆላ ባቄላ ሽታ። የኔታ ሲመጡ ላፕቶፔን ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ ነበር፤ ማውጣትም አፈርኩ። ችግሬን በቃል ነገርኳቸው።

«ዓመተ ዓለሙ ስንት ነው?» አሉኝ።

«5500 ከ2005 ጋር፣ ሰባት ሺህ አምስት መቶ አምስት።»

«ለአሥራ ዘጠኝ ግደፈው።»

ሲገድፉት ማለት ሲያካፍሉት ነው፤ የሚፈለገው ትራፊው። በስልኬ አሰላሁ። እሳቸው ቀድመው ጨርሰዋል፤ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ሲሮጥ አይቼዋለሁ።

«ምን ተረፈ?»

«ምንም የለም፣ የኔታ።»

«ከትራፊው ላይ አንዱን ለዘመኑ ታነሣለህ፤ የቀረው ወንበር ይባላል። እንግዲህ ምንም ከሌለህ ከምኑ ላይ ታነሣለህ?»

ፕሮግራሙ የሠራው ይህንኑ ነው። ከምንም ላይ አንድ አነሣ፤ ወንበሩ ከዜሮ በታች አንድ ሆነ፤ በ19 ሲባዛ ከዜሮ በታች 19፤ ለ30 ቢገድፈውም ያው። ሲ ሻርፕ ትራፊን ሲያወጣ ከዜሮ በታች ያለውን እንዳለ ነው የሚመልሰው። እኔ ዝም ስል የኔታ ሳቁ።

«ልጄ፣ ምንም አልተረፈም ማለት አሥራ ዘጠኙ ሙሉውን አለ ማለት ነው። ከአሥራ ዘጠኝ አንድ ሲነሣ?»

«አሥራ ስምንት።»

«ወንበርህ አሥራ ስምንት ነው። አበቅቴውም አሥራ ስምንት፤ መጥቅዑ አሥራ ሁለት፤ ሁለቱ ተደምረው ሠላሳ። ሠላሳ ካልሞላልህ ተሳስተሃል።»

ከዚያ ልሄድ ስል ጠሩኝና የሚመጣውንም ዓመት እንዳልረሳው አስጠነቀቁኝ። በ2006 ወንበሩ አልቦ ይሆናል፤ አበቅቴ የለውም፤ መጥቅዑ ግን 30 ነው። ይኸኛው ስሕተት እንደ መጀመሪያው በአደባባይ ቁጥር ጽፎ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ መጥቅዑን ዜሮ አድርጎ ያልፋል። እኔ አንዱን ቀዳዳ ደፍኜ ብሄድ ኖሮ በዓመቱ ሌላው ይከፈት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለዚያ ልጅ ልናገር፤ ጥፋተኛ አድርጌው አላውቅም። ያ ትራፊ አልቦ የሚሆነው በ19 ዓመት አንዴ ነው። ከ2005 በፊት በ1986 ነበር፤ ቀጥሎ በ2024 ይመጣል። በ2002 የተጻፈን ፕሮግራም በ2003 እና በ2004 ብትፈትነው ፍጹም ነው። እሱ ሲጽፈው ጥሩ ጽፎታል፤ የጎደለው ዑደቱን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነበር። ክፍል ውስጥ «ድንበሩን ፈትኑ» ተብለናል፤ ድንበሩ የት እንደሆነ ግን የሚያውቀው በአታ ግቢ ዛፍ ሥር ባቄላ ይቆረጥም ነበር።

የኔታ ሌላም ነገር ሰጡኝ፤ ያኔ ዋጋው አልገባኝም። «ያ መኪናችሁ ስንት ዓመት ይቆጥራል?» አሉኝ፤ ኮምፒውተሩን ማለታቸው ነው። የፈለጉትን ያህል አልኳቸው። «እንግዲያ ዐቢይ ቀመሩን ሙላው፣ 532 ዓመት። ነነዌ ከጥር 17 በታች፣ ከየካቲት 21 በላይ አትውልም። ፋሲካም ከመጋቢት 26 በታች፣ ከሚያዝያ 30 በላይ አይውልም። ከዚህ አጥር የወጣ ዓመት ካገኘህ ጥፋቱ የመኪናው ነው።» ያን ማታ 532ቱን ዓመት የሚያስኬድ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ከአጥሩ የሚወጣ ዓመት ሲያገኝ እንዲነግረኝ። አንድም አልወጣም። ለ2005 ነነዌ የካቲት 18፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27 አለኝ። ዛሬ በደመወዝ የሚቀጠሩ ፈታሾች ባሉበት ቤት እሠራለሁ፤ ከዚያ የበለጠ የመፈተኛ ሰነድ ግን ማንም በቃሉ ነግሮኝ አያውቅም።

ቀን መቁጠሪያው በዚህ ያለቀ መሰለኝ። ፋይሉን ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ግን ሚያዝያም ነነዌም የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝባዝንኬ ሆነው ወጡ። እነሱ የሚሠሩት በፓወር ግዕዝ፣ እኛ በዩኒኮድ። ያን ጊዜ ቢሮ የሠራ ሰው ይህን ራስ ምታት ያውቀዋል። ከዩኒኮድ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የየራሱ ሥርዓት ነበረው፤ የላቲኑን ቦታ ተበድሮ የኛን ፊደል ያለብሰዋል፤ ልብሱ ሲወልቅ ከሥሩ ያለው ብቅ ይላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር ኒያላ የተባለው ቅርጽ የመጣው ቪስታ በወጣበት በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ሥራ ስንጀምር አሮጌውና አዲሱ በአንድ ፒያሳ፣ በሁለት ደጃፍ ይኖሩ ነበር፤ እኛ በመካከላቸው ስንመላለስ ዋልን።

ይህን ትግል ከኛ በፊት የጀመሩት ሰዎች ነበሩ። ፍስሐ አጥላው አሜሪካ ሆኖ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአማርኛ የሚጽፍ ሶፍትዌር ሲሠራ ድርጅቱን ዳሽን ብሎ ነው የሰየመው። ዳሽን ከኛ ጓሮ ያለ ተራራ ነው። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ነው፤ ጎንደር ሳለሁ ዳሽን ሲባል ቢራው ነው የሚታሰበኝ።

መስከረም ላይ የግል ክሊኒክ ሥራ መጣ፤ የበሽተኛ ካርድ መመዝገቢያ። ካርድ ክፍሏን የምትይዘው ሴት እድሜዋ ከእናቴ ትንሽ ያንሳል፤ ሁሉም «እቴቴ» ነው የሚላት። መደርደሪያው ጣሪያ ይደርሳል፤ እሷ ግን ወደ ላይ ሳታይ እጇን ሰድዳ የፈለገችውን ካርድ ትመዛለች። ፕሮግራሙን ጭነን የመጀመሪያውን በሽተኛ ስም ስትፈልግ ዳታቤዙ የተመዘገበውን ሰው ሁሉ ዘርግፎ አመጣላት። ነባሩ ቅንብር የኛን ፊደላት አንዱን ከሌላው አይለይም፤ ለሱ ከበደም አልማዝም አንድ ናቸው። ያን አስተካክለን ሌላ መጣ። አንዱ ሰው በአንዱ ጊዜ ኃይለ ማርያም፣ በሌላው ሃይለማርያም፣ በሦስተኛው ሀይለ ማርያም ተብሎ ሦስት ካርድ አለው። እቴቴ ግን አልተቸገረችም።

«እኔ በስሙ መች እፈልገዋለሁ?» አለችኝ። «በሰፈሩ ነው። ከዚያ በአያቱ። ከዚያ ፊቱን አያለሁ።»

ፊቱን የሚያይ ፕሮግራም አልነበረንም። የሄድንበት መንገድ ከጀርባ ሁለተኛ ስም ማስቀመጥ ነው፤ ሐም ኀም ሀ፣ ሠም ሰ፣ ፀም ጸ፣ ዐም አ የሚሆኑበት፣ ክፍተቱም የሚጠፋበት። ፊት ለፊት ሰውዬው ስሙን እንደጻፈው ይታያል፤ ፍለጋው በሁለተኛው ይካሄዳል። ፈረንጅ አገር የተሠሩ ናሙናዎች «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ነበራቸው፤ አያት የሚገባበት ሳጥን የላቸውም። እቴቴ ያንን ሳጥን አይታ «ቤተሰቡን ሁሉ ልጻፍ?» ብላ በእውነት ጠየቀችኝ።

ሰዓቱም ነበር። የቀጠሮ ወረቀቱ 8:30 ብሎ ያትማል። በሽተኛው ከሰዓት በኋላ፣ በስምንት ተኩል ይመጣል፤ ሐኪሙ ጠዋት ጠብቆት ሄዷል። ስድስት ሰዓት እየቀነሰ እንዲያትም እስክናደርግ ድረስ እቴቴ እያንዳንዱን ወረቀት በእስክሪብቶ ሰርዛ «ጠዋት 2:30» ትጽፍበት ነበር። አንድም ቀን አልተቆጣችም። እኔ ግን አሁን ሳስበው በስሟ እቆጣለሁ። ያ መሣሪያ ሥራዋን ያቀልላታል ተብሎ ነው የመጣው፤ ለወራት ያደረገው ሥራ መጨመር ነው። ስንሸጠው ይህን አላልንም።

ክሊኒኩ ደባርቅ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ ወጣሁ። ኮሶዬ ላይ ገደሉ ሥር ደመና ተኝቶ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት ገባ፤ ከዚያ ገደብዬ፣ ዳባት። የወገራ ገብስ ገና አረንጓዴ ነው። ረዳቱ «ምንድነው የታቀፍከው?» አለኝ። «ኮምፒውተር» ስለው ጮክ ብሎ ለሾፌሩ «ቀስ በል፣ ኮምፒውተር አለ!» አለ፤ ሾፌሩም በእውነት ቀስ አለ። እንደዚያ ቀን ሙያዬ ተከብሮልኝ አያውቅም።

ደባርቅ ላይ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ቆባቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል፤ እጃቸው መቋሚያቸው ላይ።

«የተወለዱበት ቀን መቼ ነው፣ እማሆይ?»

«የሚካኤል ዕለት ነው፣ ልጄ።»

«የትኛው ሚካኤል?»

«የኅዳሩ። ገብሱ ገና አልታጨደም ነበር አለች እናቴ።»

«ዓመቱስ?»

«ጣሊያን ሊማሊሞን ሲቆፍር እርጉዝ ነበረች።»

ኅዳር 12 እርግጥ ነው። ዓመቱ ግን 1929ም 1930ም ሊሆን ይችላል፤ ጣሊያን ጎንደር የገባው በ1928 ነው፤ ሊማሊሞ ቁፋሮው ከዚያ በኋላ ነው። ሳጥኑ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀበላል፤ ባዶ ከተውኩት አያልፍም። እማሆይ ግራ መጋባቴን አይተው «ከሁለቱ አንዱን ጻፍ እንጂ፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ምን ያደርግልኛል፣ ምንስ ያጎድልብኛል?» አሉ። ያን ምሽት አልቤርጎ ውስጥ ተጋድሜ «ግምት» የምትል ትንሽ ሳጥን ጨመርኩ። ለሶፍትዌሩ ካደረግሁት ሁሉ የምወዳት ይህችን ናት።

ስመለስ ያለፍኩባት ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት የሚከታተልበት የምርምር ጣቢያ አለው። እኔ ደባርቅ ላይ አንዲት እማሆይ ፊት የተደናገርኩበትን እነሱ በየቤቱ ደጃፍ ዓመቱን ሙሉ ሲሠሩት ኖረዋል። ሙያው ከፒያሳ እንደጀመረ የሚመስለኝ ጊዜ ነበር፤ ከተማው ግን እኔ ሳልመጣ ብዙ ይቆጥር ነበር፤ ጣት አንጓ ላይ፣ በመዝገብ፣ በሰፈር።

ጎንደርን የለቀቅሁት ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። በ2009 መስከረም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ቆየ፤ እንደኔ ያሉ ብዙዎች አዲስ አበባ ገባን። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲብስ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ያኔ ጎንደር ተቀምጠው ለውጭ ደንበኛ የሚሠሩ ልጆች ነበሩ፤ እኛ በሕልማችንም ያላየነው ነው። ከዕለታት አንድ ቀን መስመሩ ሲዘጋ ደንበኛው ለምን እንደጠፉ እንኳ አያውቅም። የኛ ችግር ሞደሙን መስኮት ላይ በማስቀመጥ ይፈታ ነበር፤ የነሱ አልነበረም። ድሮ ይሻላል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በምን ይሻላል እላለሁ። ዛሬ ልጁ ከክፍሉ ሳይወጣ እኔ ለሃርድ ዲስክ የተሰለፍኩበትን ሁሉ ያወርዳል፣ መስመሩ እስካለ ድረስ። የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሰላ ዝግጁ ኮድም በነፃ አለ፤ ስልኩ ፋሲካን ይነግረዋል። ወደ በአታ የሚወጣበት ምክንያት የለውም። ይህ እድገት ነው፤ የሚያስቆጨኝ ቢኖር እኔን እንደገጠመኝ ያለ ሳቅ የማይገጥመው መሆኑ ነው።

ለሠርግ ተጠርቼ ሄጄ ፒያሳን አየሁት። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን ቆፋፍሮት ነበር። እኛ የነበርንበት ፎቅ ስልክ ቤት ሆኗል፤ ደረጃውን ሴራሚክ አልብሰውታል፤ ስወጣበት አልጮኸም። የሚሸጠው ልጅ «ምን ልታዘዝ?» ሲለኝ የማልፈልገውን የስልክ መስታወት ገዝቼ ወረድኩ።

ከያኔዎቹ ባልደረቦቼ አንዱ አልለቀቀም፤ የክሊኒኩን ሲስተም የሚጠብቀው እሱ ነው። ባለፈው ወር ደወለልኝ። እቴቴ ጡረታ ወጥታለች፤ ሲስተሙ ግን ያው ነው፤ ሰርቨሩ አሁንም ዊንዶውስ 7 ላይ ነው። ዲስኩ ሰሞኑን ማንቋረር ጀምሯል፤ ክሊኒኩ አዲስ ሲስተም ሊገዛ ነው፤ አቅራቢው የድሮውን መረጃ ማስተላለፍ እንችላለን ብሏቸዋል፤ አንድ ነገር ብቻ አልገባቸውም።

«'ግምት' የሚለው ሳጥን ምንድነው ይሉኛል። አያስፈልግም፣ እናጥፋው ነው የሚሉት።»

«ስንት ሰው ላይ ምልክት አለ?»

«ከግማሽ በላይ።»

«እንዳያጠፉት። ዛሬውኑ ደግሞ ባክአፕ ውሰድ፤ ያ ዲስክ አይቆይልህም» አልኩት። እነሱም ዘንድ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እስኪመጣ ጠብቆ መልሶ እንደሚደውል ነገረኝ።